ስለ እጅ ምስክርነትና ስለ ፍርድ

ሰው በዕድሜው ከሚሰጣቸው ፍርዶች መካከል በችሎት የሚሰጡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ያለ መዝገብና ያለ ማኅተም በገበያ፣ በመንገድ፣ በመሥሪያ ቤትና በማዕድ ዙሪያ የሚሰጡ ናቸው። ይህ እህል ጥሩ ነው፤ ያ ሠራተኛ ሰነፍ ነው፤ ይህች መኪና የተበላሸች ናት እያልን በየሰዓቱ እንፈርዳለን፤ ይግባኝ ባይ ስለሌለብንም ፍርዳችን የቀና መሆኑን ሳንመረምር ወደ ሌላው እናልፋለን። ዳሩ ግን በትልቅ ነገር አስተካክሎ የሚፈርድ ሰው በትንሽ ነገር አስተካክሎ መፍረድን አስቀድሞ የለመደ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከትንንሾቹ ፍርዶች አንዱን መርጠን ልንመረምር አስበናል። ይኸውም የአንዲት ትንሽ መኪና ማርሽ በእጅ ሲለወጥ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ተብሎ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ ይህ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በዚህ ፍርድ ውስጥ የሚዳሰሰው ዕቃ አለ፤ የሚዳስሰውም እጅ አለ፤ ከሁለቱም ሌላ ፍርዱ የሚደርስበት ሰው አለ። ይህም ሰው መኪናዋን ለመሸጥ ያቀረበው ባለቤት፣ ካምቢዮውን ፈትቶ የገጠመው መካኒክ፣ ወይም በእርስዋ እንጀራውን የሚበላው ሾፌር ሊሆን ይችላል። «ማርሹ ተበላሽቷል» የሚለው ቃል ከአንዱ ዋጋ ያስቀንሳል፤ የሌላውን ስም ያጐድፋል፤ የሦስተኛውን ደመወዝ ያስቈርጣል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እጃችን የነገረንን ነገር ይዘን በሌላ ሰው ላይ ልንፈርድ የሚገባን እስከ ምን ድረስ ነው?

ወደ መልሱ የሚያደርሰውን መንገድ ቋንቋችን ራሱ ያሳየናል። አንድ ሰው የማርሹን ዘንግ ገፍቶ እንደ ፈለገው ባይሄድለት «ከበደኝ» ሊል ይችላል፤ ወይም «ከባድ ነው» ሊል ይችላል። «አልገባልኝም» ሊል ይችላል፤ ወይም «አይገባም» ሊል ይችላል። ሰሚው ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አድርጎ ይቀበላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። «ከበደኝ» ያለ ሰው ስለ ማርሹ ሲናገር ስለ ራሱም ተናግሯል፤ በቃሉ ጫፍ ላይ ያለችው «ኝ» በዚህ ነገር ውስጥ እኔም አለሁበት ትላለች። ይህ የምስክር ቃል ነው። «ከባድ ነው» ያለው ግን ራሱን ከነገሩ አውጥቶ፣ ዕቃውን ብቻ አቁሞ ፈርዶበታል። ይህ የዳኛ ቃል ነው። ምስክርነት ወደ ፍርድ ሊያደርስ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ምስክሩ ቃሉን በሰጠበት አፍ ወዲያው የሚፈርድ ከሆነ ግን ችሎት የሚባል ነገር አልተደረገም ማለት ነው። ከ«ከበደኝ» ተነሥቶ «ከባድ ነው» ወደሚለው ለመድረስ በመካከሉ የሚሠራ ሥራ አለ። ያን ሥራ የዘለለ ሰው ቃሉ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያገኘው በዕድል እንጂ በፍትሕ አይደለም።

ሥራው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ ዕቃውን ማወቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በበቂ ፍጥነት ሲዞር ነው፤ ከመጠን በታች ቀስ ብሎ ሲዞር ይደክማል፤ ይጠፋልም። ትንሽ መኪና ደግሞ የምታባክነው ጉልበት የላትም። በ1957 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ የወጣችው ፊያት 500 ሞተርዋ 479 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ኃይልዋም 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ዐቀበት ስትወጣ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት እንዲዞር፣ ሜዳ ስትደርስ ደግሞ ሞተሩ ሳይጨነቅ ጎማው እንዲፈጥን የሚያደርግላት ካምቢዮው ነው። በካምቢዮው ውስጥ ታላላቅና ታናናሽ ባለ ጥርስ ብረቶች በዘንጎች ላይ ተሰክተው ይዞራሉ፤ ማርሽ መለወጥ ማለትም አንደኛውን ጥንድ አስለቅቆ ሌላውን ጥንድ ሥራ ማስያዝ ነው። የሚያያዙት ብረቶች ፍጥነታቸው እኩል ካልሆነ ግን አይስማሙም፤ ጥርስ ለጥርስ ይፋጫሉ።

በጥንቶቹ መኪናዎች ይህን ፍጥነት የሚያስተካክለው ነጂው ራሱ ነበር። ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለመውረድ ሲፈልግ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ወደ ዜሮ ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ለቆ ለሞተሩ ጥቂት ቤንዚን ይሰጣል፤ እንደ ገና ረግጦ ማርሹን ያስገባል። በ1928 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካው ካዲላክ ሲንክሮሜሽ የተባለውን ዘዴ በመኪናዎቹ ላይ አወጣ። ዘዴውም ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት ሁለት ሾጣጣ ገጾች ተፋትገው ፍጥነቱን እንዲያስተካክሉት ማድረግ ነው፤ ለዚህም ሥራ በብዙ መኪናዎች የነሐስ ቀለበት ያገለግላል። ትንንሾቹ መኪናዎች ይህን ጥቅም ያገኙት ዘግይተውና በየጥቂቱ ነው። ለውጭ አገር ገበያ ትሠራ የነበረችው ቮልስዋገን አንደኛ ማርሽዋ ሲንክሮ ያገኘው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው የእንግሊዝ አገርዋ ሚኒ እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ አንደኛ ማርሽዋ ያለ ሲንክሮ ነበር። ፊያት 500 ደግሞ መሠራትዋ እስከ ቀረበት እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ በአንዱም ማርሽ ሲንክሮ ሳታገኝ ቀረች።

ከዚህም ጋራ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ነጂው ባለ ጥርሶቹን ብረቶች በእጁ አይነካም። እጁ የሚነካው የማርሹን ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ሌላ ብረት ያንቀሳቅሳል፤ ያ ብረት እንደ ሹካ የተሠራውን ብረት ይገፋል፤ ሹካውም በዘንግ ላይ የሚንሸራተተውን ቀለበት ይገፋል፤ ጥርሱ የሚደረስበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቮልስዋገን ሞተሩና ካምቢዮው ከኋላ፣ የማርሹ ዘንግ ግን ከፊት ስለ ሆነ፣ የሚያገናኛቸው ረጅም ብረት በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል በወለሉ ቦይ ውስጥ አልፎ ከኋላው ወንበር በታች በአንድ ማያያዣ ከካምቢዮው ጋራ ይገጥማል። እንግዲህ እጅ የሚሰማው ወሬ በብዙ መልእክተኞች አፍ አልፎ የመጣ ወሬ ነው። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመልእክተኞቹ አንዱ አዛብቶት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አይታወቅም።

በዚህ ነገር ላይ ሰዎች በሁለት ወገን ሲሳሳቱ እናያለን። የመጀመሪያዎቹ «ስሜት እንደ ሰዉ ነው፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል፤ ስለ ማርሽ ጥሩነት መከራከር ስለ ወጥ ጨው እንደ መከራከር ነው» የሚሉ ናቸው። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከመመርመር መሸሽ አለበት። ገበያ ወጥታ ጤፍ የምትሸምት ሴት እፍኝ ዘግና በጣትዋ ስታሸው አሸዋ ያለበትን ከሌለበት ትለያለች። ሸማኔ ፈትሉን በጣቱ መካከል አሳልፎ የት ላይ እንደሚበጠስ ያውቃል። ፈረሰኛ በያዘው ልጓም ጫፍ የፈረሱን አፍ ያዳምጣል። እነዚህን ሰዎች የምታወሩት ስለ ራሳችሁ ብቻ ነው የሚላቸው የለም፤ ጤፉ ተነፍቶ አሸዋው ይታያልና፤ ፈትሉም ተበጥሶ ይገኛልና። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስም ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ሰው በሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ከብዙ እንስሳት ቢያንስም በመዳሰስ ግን ከሁሉ የረቀቀ እንደ ሆነ፣ አስተዋይነቱም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ እጅ የሚለውን ነገር እንደ ከንቱ ወሬ መጣል አይገባም።

የማርሽ ስሜት ተብሎ በአንድ ቃል የሚጠራው ነገርም በእውነቱ ተከፋፍሎ የሚመረመር ነው። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ ዘንጉን ለማንቀሳቀስ ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል? ሁለተኛው ርቀቱ ነው፤ እጅ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ሲሄድ ምን ያህል ይጓዛል? ሦስተኛው የመንገዱ ጥራት ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲሻገር ዘንጉ ስፍራውን አውቆ ይሄዳል ወይስ ይባዝናል? አራተኛው ልልነቱ ነው፤ ከገባ በኋላ ጸንቶ ይቀመጣል ወይስ ይወዛወዛል? አምስተኛው ምልክቱ ነው፤ የበር መወርወሪያ ስፍራው ሲገባ በእጅ እንደሚታወቅ ሁሉ ማርሹም መግባቱን ለእጅ ይነግራል ወይስ ዝም ይላል? ይህ ተለይቶ ሲጠየቅ አንዱ «ልል ነው» ብሎ የሚያማርርበትን ሌላው «ቀላል ነው» ብሎ የሚያመሰግነው እርሱኑ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ የተለያዩት በዳሰሱት ነገር አይደለም፤ በሚሹት ነገር ነው። የሚሹት ነገር ደግሞ በግልጽ ከተነገረ ሊያከራክር ይችላል፤ ጠብ ግን አያመጣም።

ሁለተኛዎቹ ተሳሳቾች ከእነዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ ይኸውም እጃቸው ከነገራቸው ሌላ ምስክር የማይሹት ናቸው። «ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ ማርሽ ስነካ አውቃለሁ» ይላሉ። ሃያ ዓመት መንዳት ታላቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን እጅ የሚያውቀው ነገሩ የተሰማበትን ስፍራ እንጂ ነገሩ የተነሣበትን ስፍራ አይደለም። የፍሪሲዮን ገመድ የላላ እንደ ሆነ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው ፈጽሞ አይለይም፤ በዚህ ጊዜ አንደኛና የኋላ ማርሽ ሲገቡ ይፋጫሉ። በቮልስዋገን የፍሪሲዮኑ መርገጫ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በባዶው የሚሄደው ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል፤ ከዚህ ሲያልፍ ጥፋቱ ከእግር በታች ሆኖ ሳለ ሕመሙ በእጅ ይሰማል። እጁም ካምቢዮውን ይከሳል። ስለዚህ ነገር አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለዋል።

ዘይትም እንደዚሁ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ሌሊቱን ውጭ ያደረች መኪና የካምቢዮዋ ዘይት ወፍሮ ማርሽዋ ይጠነክራል፤ ጥቂት መንገድ ከሄደች በኋላ ይለሰልሳል። በንጋት የፈረደባትና በቀትር የፈረደላት ሰው ሁለቱም ስለ አንዲት መኪና ተናግረዋል። ለዲፈረንሻል ተብለው ከሚዘጋጁት ዘይቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ለነሐሱ ቀለበት የማይስማማ ቅመም ስላለባቸው ቀለበቱን ይበሉታል፤ ወይም እጅግ አንሸራታች ሆነው እንዳይፋተግ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን ዘይቱን የመረጠው ሰው ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የእጅ ልማድ አለ። አጭርና ቀላል ማርሽ የለመደ እጅ ረጅሙን ማርሽ ሲይዝ ይቸገራል፤ ከሳምንት በኋላ ግን መቸገሩን ይረሳዋል። ማርሹ በዚያ ሳምንት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዳኛው ነው።

ከምስክርነት ወደ ፍርድ የሚያደርሰው ሥራ እንግዲህ ጥያቄ ነው። በጥንቱ የአገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ» ይባባሉ እንደ ነበር ሁሉ ማርሽም ተጠየቅ ሊባል ይገባዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሾቹ ሁሉ በጸጥታ ገብተው፣ ሞተሩ ተነሥቶ መኪናዋ እንደ ቆመች ሲገቡ ግን የሚፋጩ ከሆነ ጥርጣሬው ከካምቢዮው ተነሥቶ ወደ ፍሪሲዮኑ ይሄዳል። በተራ አለዋወጥ ሲወርድ የሚጮኸው ማርሽ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየተረገጠ ሲለወጥ ጸጥ የሚል ከሆነ የደከመው ቀለበቱ ነው። በማለዳ ብቻ የሚጠነክር ከሆነ ዘይቱ ይጠየቃል። ቍልቍለት ላይ እግር ከቤንዚኑ ሲነሣ ማርሹ ከስፍራው የሚወጣ ከሆነ ነገሩ የልማድ ወይም የስሜት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ለሕይወት የሚያሰጋ እውነተኛ ብልሽት ነው፤ ካምቢዮውና መያዣው ይመረመራሉ። በመጨረሻም ሌላ እጅ ይጠራል፤ ነገሩን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ነድቶ የተሰማውን ይናገራል። ይህ ሁሉ ጥያቄ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለመፍረድ አለመቸኰልን ብቻ ነው።

ነገሩ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እናንሣ። ስሙን መጥራት በማያስፈልገን በአንድ መሥሪያ ቤት አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ነበረች። ሾፌርዋ ዕድሜው የገፋ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ሊነዳት ገብቶ ሁለተኛውን ማርሽ ሲፈልግ አራተኛው ገባበት፤ ደግሞ ሲሞክር ዘንጉ መሄጃ አጣ። ኃላፊውም ከመኪናዋ ወርዶ «ካምቢዮው በሾፌሩ ግድየለሽነት ተሰብሯል» የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ የማሠሪያውም ዋጋ ከሾፌሩ ደመወዝ በየወሩ እንዲቈረጥ ተወሰነ። ሾፌሩ አቤት ቢልም ኃላፊው «እኔ በእጄ ይዤ ያረጋገጥሁትን ነገር ነው የምታስተባብለው?» ስላለው ዝም አለ። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ካምቢዮውን እንዲያወርድ የተጠራው መካኒክ አስቀድሞ የኋላውን ወንበር አንሥቶ ማያያዣውን ቢያይ ላስቲኩ አልቆ ብረቱ በባዶው ሲንቀሳቀስ አገኘው። ያ ትንሽ ዕቃ ሲለወጥ ማርሹ እንደ ቀድሞው ሆነ፤ ካምቢዮው ሳይፈታ ቀረ።

መዝገቡን የማየት ዕድል ስለ ነበረን ሁለት ጽሑፎች ጐን ለጐን ተቀምጠው አይተናል። አንደኛው የኃላፊው ደብዳቤ ነው፤ «ተሰብሯል» ይላል። ሁለተኛው ከደብዳቤው በፊት በነበረው ወር ሾፌሩ በመኪናዋ ደብተር ላይ የጻፈው ቃል ነው፤ «ማርሹ መንገድ እየሳተብኝ ስለ ሆነ ይታይልኝ» ይላል። አዛውንቱ ሾፌር የዳሰሰውን ነገር የዳሰሰውን ያህል ብቻ ተናግሮ ፍርዱን ለሚያውቅ ሰው ትቶ ነበር። ከእርሱ ይልቅ የተማረው ሰው ግን ምስክርም፣ ከሳሽም፣ ዳኛም ሆኖ በአንድ ቀን ጨረሰው። የተቈረጠው ደመወዝ ተመልሷል፤ ያ ሰው በባልደረቦቹ ፊት የተሸከመው ስም ግን በደብዳቤ የሚመለስ አልነበረም። ከዚህ የምንማረው የእጅን ምስክርነት መናቅን አይደለም፤ በዚህ ነገር እውነተኛውን ወሬ አስቀድሞ የነገረው የሾፌሩ እጅ ነበርና። የምንማረው የማንም እጅ ቢሆን፣ የሹምም ይሁን የሾፌር፣ ከምስክርነት ማዕረግ በላይ ሳይጠየቅ ሊወጣ እንደማይገባው ነው።

ጥያቄው ከተፈጸመ በኋላም መለኪያውን መምረጥ ይቀራል። በዛሬ መኪና የለመደ ሰው ሲንክሮ የሌላትን ፊያት 500 ነድቶ ማርሽዋ ስለ ጮኸበት መጥፎ ናት ቢል ያልተሰጣትን ጠይቋታል። ያች መኪና ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ቤተ ሰብ በርካሽ እንድትገዛ ሆና የተሠራች ናት፤ ቀለበቱ በቀረበት ስፍራ የነጂው ጥንቃቄ እንዲገባ ታስቧል። በአንጻሩ ደግሞ አሮጌውን ነገር የሚወዱ አንዳንድ ሰዎች «ሰውን ነጂ የሚያደርገው ከባዱ ማርሽ ነው» እያሉ ችግርን ራሱን እንደ በጎ ነገር ሲያመሰግኑ እንሰማለን። ይህም ፍትሕ አይደለም። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በተጨናነቀ መንገድ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ሲለውጥ ለሚውል የታክሲ ነጂ፣ ወይም ትከሻዋን ለሚያማት ሴት፣ የማርሽ ቀላልነት ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ የሚለካው በተሠራበት ዘመን፣ በተሠራለት ሥራና በሚሠራበት ሰው አካል ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳይጠቅስ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» የሚል ሰው ሚዛን ሳይዝ እንደሚመዝን ነጋዴ ነው።

ስለ ዳኛውም ጠባይ ጥቂት ልንናገር ይገባናል። ኤርንስት ቬበር የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1834 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ሰው በሁለት ክብደቶች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው ልዩነቱ ከክብደቱ ጋራ ባለው መጠን እንደ ሆነ አስረድቷል። ቀላል ነገር በያዘ እጅ ላይ ትንሽ ነገር ቢጨመር ይታወቃል፤ ከባድ ነገር በያዘው ላይ ግን ያችው ትንሽ ነገር ብትጨመር አትታወቅም። ከዚህ የምናገኘው ምክር ለነጂም ለሹምም ይበጃል። የማርሹን ዘንግ በሙሉ ጭብጡ አንቆ የሚገፋ ሰው ቀለበቱ የሚናገረውን ረቂቅ ቃል የራሱ ጉልበት ይሸፍንበታል፤ በጣቶቹ አለስልሶ የሚይዘው ግን ይሰማዋል። ብዙ ኃይል የሚያገባ ዳኛ ጥቂት ይሰማል። እንደዚሁም ሲነዱ ሁልጊዜ እጃቸውን በማርሹ ዘንግ ላይ አሳርፈው የሚሄዱ አሉ፤ የእጃቸው ክብደት ሹካውን በሚዞረው ቀለበት ላይ እያስደገፈ ሁለቱን ይበላቸዋል። ከዚህ በኋላ ማርሹ ላላ ብለው ቢከሱ የሚከሱት የገዛ እጃቸውን ሥራ ነው። በሰውም ላይ እንዲሁ ይሆናል፤ በበታቹ ላይ ቀንና ሌሊት ተደግፎ የሚውል አለቃ ሰውየው ሲደክም ደካማ ነው ብሎ ይጽፍበታል።

ይህ ሁሉ ነገር ሊያልፍ የተቃረበ ዘመን ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው አሮጌዋ ቮልስዋገን የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ከተሠራች 2003 እ.ኤ.አ. አልፏል። ዛሬ ብዙ መኪናዎች ማርሻቸውን ራሳቸው ይለውጣሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በአብዛኛው ነጂው የሚለውጠው ማርሽ የለውም። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። የእኛ ልጆች በፍሪሲዮን ምክንያት መንገድ ላይ ሳይቆሙ መንዳት ቢማሩ ደስ ይለናል እንጂ አናዝንም። ነገር ግን ማርሹ ቢቀር ጥያቄው አይቀርም፤ ይልቁንም ይጠነክራል። በአሮጌው መኪና ከጥርሱ እስከ እጅ የነበሩት መልእክተኞች አራት ወይም አምስት ብረቶች ነበሩ፤ የኋላው ወንበር ተነሥቶ ሊታዩ ይችሉ ነበር። በአዲሱ መኪና ግን መልእክተኞቹ በዐይን የማይታዩ ናቸው፤ በመስታወቱ ላይም «ብልሽት አለ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይበራል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ «ኝ» የሚል ፊደል የለም፤ ማን እንደ ዳሰሰው፣ በምን ሰዓትና በምን ሁኔታ እንደ ዳሰሰው አይነግረንም። የምስክርን ቃል በፍርድ መልክ አድርጎ ያቀርብልናል።

በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎችም ይህን ጠባይ ከመኪና ሳንማረው ለምደነዋል። በየደብዳቤያችን «ሆኖ ተገኝቷል»፣ «ተረጋግጧል»፣ «ታምኖበታል» እያልን እንጽፋለን። ማን አገኘው? ማን አረጋገጠው? ያመነበትስ ማን ነው? ቃሉ አይናገርም። አንድ ሰው በአንድ ማለዳ የተሰማው ነገር ወደ ደብዳቤ ሲገባ «ኝ» ይወድቅና ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በሄደ ቍጥር ነገሩን ያየው ሰው ቍጥር የበዛ ይመስላል፤ ያየው ግን ያው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚህ ዐይነት የሰው እንጀራ ሲቈረጥ የቈረጠው ሰው በስም ተፈልጎ አይገኝም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። እጃችን የነገረንን ነገር አንጣለው፤ ከብዙ ዓመት ሥራ የተገኘ ዕውቀት ነውና። ነገር ግን መጀመሪያ በራሱ ስም ይነገር፤ የከበደው ሰው «ከበደኝ» ይበል፤ በምን ሰዓት፣ በየትኛው ማርሽ፣ በምን ዐይነት መንገድ እንደ ከበደው ይጨምር። ቀጥሎ ነገሩ ይጠየቅ፤ እግሩም፣ ዘይቱም፣ ማያያዣውም፣ ልማዱም በየተራቸው ይቅረቡ። ሌላ እጅም ይጠራ። ከዚህ በኋላ «ከባድ ነው» የሚለው ቃል ቢነገር የሚነገርበት ዕቃም ሆነ ሰው ተበደልሁ ሊል አይችልም። ያገለገለች መኪና ሊገዛ የሚወጣ ሰው፣ በንብረት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚፈርም ሰው፣ የሾፌሩን ደብተር የሚያነብ አለቃ ይህን ያህል ጥንቃቄ ቢያደርጉ የሚያባክኑት ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ያን ግማሽ ቀን በመንሣት የሚጠፋውን የሰው ስም ግን መልሶ የሚገጥም መካኒክ አልተገኘም።